ሆድ ይፍጀው፦ የባርባራ ኦ ጆንስ ትወና

(ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለወጣት ተዋንያንና ለፊልም ወዳጆች የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ። ምንጣፉ ላይ መቀመጥ ይቻላል።

ዛሬ ስለ አንዲት ተዋናይት ላወራችሁ ነው የመጣሁት። ስማቸው ባርባራ ኦ ጆንስ ይባላል። የሚያውቃቸው እስቲ እጁን ያውጣ። ሁለት… ሦስት። እሺ። ኃይሌ ገሪማንስ? አያችሁ፣ አዳራሹ በሙሉ እጅ ሆነ። ጋሽ ኃይሌ የእኛ ናቸው፣ እናውቃቸዋለን። ሳንኮፋን አይተናል፤ ጤዛን አይተናል። እሳቸው ገና ተማሪ ሳሉ የሠሩትን ፊልም ግን በፊታቸውና በድምፃቸው የተሸከሙት ባርባራ ናቸው። ስለ ፊልሙ ሲወራ የዳይሬክተሩ ስም ይነሳል። ፖለቲካው ይነሳል። ተዋናይቷ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ትታለፋለች። ይሄ ነገር ለዓመታት ሲከነክነኝ ኖሯል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ባርባራን አንቱ እላለሁ። የተጫወቷቸውን ሴቶች ግን እሷ እላለሁ። ተዋናይትና ገጸ ባሕርይ አንድ ፊት ስለሚጋሩ በቀላሉ ይምታታሉ። አማርኛችን ደግሞ የሚለይበት መንገድ ሰጥቶናል፤ እንጠቀምበት። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ፊልሙ ቡሽ ማማ ይባላል። በ1975 ተሠርቶ አለቀ፤ ለሕዝብ የወጣው በ1979 ነው። ከንግግሩ በኋላ አብረን እናየዋለን። እስከዚያ ድረስ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

ጋሽ ኃይሌ የጎንደር ልጅ ናቸው። በ1967 ቴአትር ሊማሩ ወደ ቺካጎ ሄዱ። ከዚያ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው ዩሲኤልኤ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ክፍል ገቡ። በዚያ ጊዜ በዚያ ትምህርት ቤት አንድ ትውልድ ተሰብስቦ ነበር። ቻርልስ በርኔት አሉ፣ ላሪ ክላርክ አሉ፣ በኋላም ጁሊ ዳሽ መጡ። ብዙዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ዋትስ በሚባለው የሎስ አንጀለስ የጥቁሮች ሰፈር አመጽ ከተነሳ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። እነዚህ ልጆች ሆሊውድ ስለ እነሱ የሚያወራውን ወሬ ጠልተውታል። የራሳችንን እኛው እንሠራለን አሉ። ኋላ ላይ የታሪክ ጸሐፊዎች የሎስ አንጀለስ አመጸኞች ብለው ጠሯቸው።

ገንዘብ የላቸውም። ያላቸው የትምህርት ቤቱ ካሜራና ጓደኛ ነው። አንዱ የሌላውን ፊልም ይቀርጻል። ቡሽ ማማን ከቀረጹት አንዱ ቻርልስ በርኔት ራሳቸው ናቸው፤ ዛሬ በዓለም የተከበሩ ዳይሬክተር። ደቦ በሉት። የእገሌ እርሻ ዛሬ፣ የእገሊት ነገ። ኢንዲፔንደንት ፊልም የሚባለው፣ ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጭ የሚሠራው ፊልም፣ በእኔ ዓይን መጀመሪያ ደቦ ነው፤ ስለ በጀት ማነስ የሚወራው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የፊልሙ መነሻ አንዲት ሴት ናት። ጋሽ ኃይሌ ቺካጎ ሳሉ አንዲት ጥቁር ሴት በክረምት፣ በዚያ ብርድ፣ ከቤቷ ተባርራ አዩ። የቺካጎን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ያቺ ሴት ከአእምሯቸው አልወጣችም። የመመረቂያ ፊልማቸው ሆነች። ስሟን ዶሮቲ አሏት። የምትኖረውም ዋትስ ውስጥ ሆነ።

ቀረጻው ላይ የሆነ አንድ ነገር አለ። የፊልሙ ሠራተኞች መንገድ ላይ መሣሪያቸውን ይዘው ሳለ የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች አስቆሟቸው። ጥቁር ወጣቶች ካሜራ ይዘው ሲታዩ ከየት አመጣችሁት ነው ነገሩ። ፍተሻው ተቀረጸ። ጋሽ ኃይሌም አልጣሉትም፤ የፊልሙ መክፈቻ ላይ አስገቡት። ስለዚህ መጀመሪያ የምታዩት ፍተሻ ትወና አይደለም። እውነተኛ ፖሊስ፣ እውነተኛ ወጣት፣ እውነተኛ ፍርሃት ነው።

አሁን እንደ ተዋናይ አስቡት። ፊልሙ በእውነተኛ ነገር ተጀመረ። ቀጥሎ የአንቺ ፊት ይመጣል። ካሜራው ከዚያ ፖሊስ ላይ ተነስቶ ወደ አንቺ ሲዞር ተመልካቹ ልዩነት ካየ አለቀልሽ። “እዚህ ላይ ትወና ተጀመረ” ካለ ፊልሙ ፈረሰ። ባርባራ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ናቸው። ከእውነተኛ ፖሊስ ጎን የሚቆም እውነት ማምጣት ነበረባቸው። አመጡት። ዶሮቲ መንገዱ ላይ ስትራመድ እዩዋት። ለካሜራ አትራመድም፣ ለማንም አትራመድም። ብዙ ጊዜ በዚያ መንገድ የሄደች፣ እግሯ መንገዱን የሚያውቅ፣ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ያለ ሴት ናት።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ይሄ ፊልም ታሪኩ ቀድሞ ቢነገርም አይበላሽም። ዶሮቲ ሉአን የምትባል ልጅ አለቻት። ነፍሰ ጡር ናት። ኑሮዋ ዌልፌር ነው፣ የመንግሥት ድጎማ። የምትወደው ሰው ቲ.ሲ. ይባላል፤ ከቬትናም ጦርነት የተመለሰ ነው። ባልሠራው ወንጀል ታሰረ። የዌልፌር ሠራተኞቹ ደግሞ ጽንሱን ካላስወረድሽ እያሉ ያዋክቧታል። ድጎማዋ የእንጀራ ገመዷ ነው። ሆዷ ውስጥ ያለው ደግሞ የቲ.ሲ. ልጅ ነው።

እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ዋና ነገር እዚህ ጋ ነው። ዶሮቲ በፊልሙ ብዙ ክፍል ውስጥ የምትሠራው ሥራ ምንድን ነው? ትሰማለች። የዌልፌሯ ሠራተኛ ትናገራለች፣ ዶሮቲ ትሰማለች። ጎረቤት ይናገራል፣ ትሰማለች። ቲ.ሲ. ከእስር ቤት ደብዳቤ ይጽፋል፣ ትሰማለች። የፊልሙ ድምፅ ራሱ ጥያቄ ነው። የቢሮው ጥያቄ ከቢሮው ወጥቶ መንገድ ላይ ይከተላታል። ስምሽ ማን ነው፣ ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው፣ ባልሽ የት ነው። ሰው ጆሮ ላይ እንደሚጮህ ዝንብ አይለቃትም።

ጀማሪ ተዋናይ እንዲህ ያለ ክፍል ሲሰጠው ይከፋዋል። ቃለ ተውኔት የለኝም ይላል። እኔም ብዬ አውቃለሁ። የዛሬ ስንት ዓመት አንድ ፊልም ላይ የሟች እናት እንድሆን ተሰጠኝ። ለቅሶ ቤት ነው። ሰው እየገባ ይናገራል፣ እኔ ተቀምጫለሁ። ዳይሬክተሩ “አንቺ ምንም አትናገሪም፣ ቀላል ነው፣ ዝም ብለሽ አልቅሽ” አለኝ። አለቀስኩ። ሦስት ቀን ሙሉ አለቀስኩ። ፊልሙን ሳየው ግን እንባ እንጂ ሰው አላየሁም። ያቺ እናት ምን እንደምታስብ፣ ከሚገቡት ሰዎች የትኛውን እንደምትጠላ፣ የትኛውን ልታቅፍ እንደምትፈልግ ፊቴ ላይ የለም። አላዘጋጀሁትማ። የዚያኑ ሰሞን ነው የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ሲመጣ የቡሽ ማማን ካሴት ይዞልኝ የመጣው። ካሴቱ ያረጀ ነው፣ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ባርባራን በዚያ በሚንቀጠቀጥ ምስል አየሁና ሦስት ቀን ያለቀስኩት ለቅሶ አሳፈረኝ።

ባርባራ ያደረጉትን ለመግለጽ ከእኛው ቋንቋ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ሆድ ይፍጀው ነው። ሆድ ይፍጀው የምንለው መቼ ነው? የምንናገረው ስናጣ አይደለም። የምንናገረው ሲበዛ፣ ብንናገር የሚመጣውን ስናውቅ ነው። ዝም ያለ ሰውና ሆድ ይፍጀው ያለ ሰው አንድ አይደሉም። ዝም ያለው ባዶ ሊሆን ይችላል። ሆድ ይፍጀው ያለው ግን ሙሉ ነው፤ ውስጡ እሳት አለ፣ ክዳኑን የያዘው በእጁ ነው።

ዶሮቲ እንዲህ ናት። የዌልፌሯ ሴት ስለ ሆዷ ስታወራ መልሱ ፊቷ ላይ መጥቶ ሲመለስ ይታያል። ወደ ላይ ይመጣል። ትውጠዋለች። እንደገና ይመጣል፣ እንደገና ትውጠዋለች። ሆዷ ደግሞ እውነተኛ ሆድ ነው፣ ልጅ ያለበት። የምትውጠው ቃል ሁሉ እዚያው ልጁ ያለበት የሚወርድ ይመስለኛል። ይህን አንድ ጊዜ ካሰባችሁ በኋላ ፊልሙን በሌላ ዓይን ማየት አትችሉም።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ክሎዝ አፕ፣ ፊትን ከቅርብ የሚያሳይ ቀረጻ፣ ይበዛበታል። ጌጥ የለውም። ለመብራት ጋጋታ፣ ለትልቅ ዕቃ ገንዘብ የለማ። ትልቅ ፊልም ስሜቱን በሙዚቃ ይገዛል፣ በቦታ ይገዛል፣ በሺህ ሰው ይገዛል። እዚህ የሚገዛበት የለም። የሴቲቱ ፊት አለ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ መውጣት አለበት።

አንድ የአቆራረጥ ነገር ላንሳ። ቲ.ሲ. አዲስ ሥራ ሊጀምር ነው። ቤት ውስጥ ደስታ አለ፣ ተስፋ አለ። ተሰናብቶ ይወጣል። ፊልሙ ይቆረጣል። ቀጥሎ የምናየው ቲ.ሲ. እስር ቤት ኮሪደር ውስጥ ሲሄድ ነው። በቃ። ክስ የለም፣ ፍርድ ቤት የለም፣ ማብራሪያ የለም። ሰውዬው ከበሩ ወጣና ታሰረ። ለጥቁር ሰው በዚያ ጊዜ በዚያ ሰፈር ነገሩ እንደዚህ ነበር ማለት ነው። ይሄ የዳይሬክተሩ ብልኃት ነው፤ አደንቃለሁ። ግን አስቡት፦ ያ ሁሉ ያልታየ ነገር፣ ወሬውን የሰማችበት ሰዓት፣ የመጀመሪያው ሌሊት፣ ፍርዱ የተነገረበት ቀን፣ የት ሄደ? ባርባራ ላይ ነው የተጫነው። ከዚያ በኋላ ዶሮቲን ስናያት ያላየናቸው ወራት ሁሉ ፊቷ ላይ መኖር አለባቸው። አሉ። ደክማለች። የደከመችው ድካም የአንድ ቀን አይደለም።

አሁን ስለ ዊጉ። ዶሮቲ ዊግ ታደርጋለች። ለፊልሙ ትልቅ ነገር ነው። እኛም አገር ዊግ አለ፤ ሂዩማን ሄሩ፣ ምኑ፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ማንም ሰው ዊግ ስላደረገ እኔ የምለው የለኝም። የዶሮቲ ዊግ ግን ክዳን ነው። ከሥሩ የራሷ ጸጉር አለ፣ የራሷ ራስ አለ፣ የራሷ ሐሳብ አለ። ባርባራ ዊጉን እንደ ጌጥ አልለበሱትም። እንደ ሸክም ነው የለበሱት። አንገታቸውን እዩ።

ቤቷ ግድግዳ ላይ ደግሞ አንድ ፖስተር ይለጠፋል። የአንጎላ ታጋይ ሴት ናት። በአንድ እጇ ሕፃን ታቅፋለች፣ በሌላው መሣሪያ ይዛለች። ያኔ አንጎላ ከፖርቹጋል ነፃ ለመውጣት የምትዋጋበት ጊዜ ነበር። ዶሮቲ ያቺን ሴት መጀመሪያ ስታያት ምን እንደሚሰማት አታውቅም። ባርባራም እኛን አያቻኩሉንም። “አሁን ነቃች” የሚል ፊት አያሳዩንም። ነገሩ ቀስ ብሎ ይገባታል፣ እንደ እርጥበት። አንዳንድ ተዋናይ ቢሆን ፖስተሯን ባየች ቁጥር ዓይኗ ይበራ ነበር።

ከዚያ ክዳኑ የሚከፈትበት ቀን ይመጣል። ዶሮቲ ቤት ስትገባ አንድ ፖሊስ ልጇን ሉአንን ሲደፍር ታገኛለች። በእጇ ጃንጥላ አለ። በጃንጥላው መታችው። እየደጋገመች መታችው። ሞተ። እዚህ ላይ ጩኸት አለ፣ ኃይል አለ፣ የቆየ ነገር ሁሉ ይወጣል። ይህ ትዕይንት ያን ያህል የሚያስደነግጠው ለምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ለአንድ ሰዓት ከምናምን ሲዋጥ የነበረውን ስላየን ነው። ባርባራ ቀድመው በየትዕይንቱ ቢጮሁ ኖሮ ያ ጃንጥላ ቀላል ይሆን ነበር። እኛ አገር ብዙ ፊልሞች ላይ የማየው ችግር ይሄ ነው። ገና በአሥረኛው ደቂቃ ተጮኾ ያልቃል። ተለቅሶ ያልቃል። ለመጨረሻው የሚቀር ነገር የለም። ጥፋቱን በተዋንያን ላይ ብቻ አላደርግም፤ ሲጮህ “ጎበዝ” የምንለው እኛ ተመልካቾች ነን።

ዶሮቲ ታሰረች። እስር ቤት ደበደቧት። ጽንሱ ጨነገፈ፣ ያ ሁሉ ሲከራከሩበት የነበረው ልጅ። በመጨረሻ ዶሮቲ እስር ቤት ሆና ለቲ.ሲ. ደብዳቤ ትጽፋለች። እስከዚያ ድረስ ደብዳቤ የሚጽፈው እሱ ነበር፣ የሚያብራራው እሱ ነበር፣ ሰሚዋ እሷ። አሁን ተናጋሪዋ እሷ ናት። ዊጉ ከራሷ ወርዷል። እሷም ትለዋለች፦ ዊጉ ከራሴ ወርዷል። የባርባራን ድምፅ እዚህ ላይ ልብ ብላችሁ ስሙ። ድል ያደረገች ሴት ድምፅ አይደለም፣ የተሸነፈች ሴት ድምፅም አይደለም። ብዙ ሰምታ አሁን ተራዋ የደረሰ ሴት ድምፅ ነው። የፊልሙ ግማሽ ዳኝነት በዚያ ድምፅ ላይ ነው ያለው። ቢያጋንኑት መፈክር ይሆን ነበር።

ለነገሩ ባርባራና ጋሽ ኃይሌ ከዚያ በፊትም አብረው ሠርተዋል። በ1972 ቻይልድ ኦፍ ሬዚስታንስ የሚባል አጭር ፊልም አለ። ጋሽ ኃይሌ ጥቁር አሜሪካዊቷ ታጋይ አንጄላ ዴቪስ በካቴና ታስራ በቴሌቪዥን ካዩ በኋላ ካዩት ሕልም የተነሳ ነው። እስረኛዋ ባርባራ ናቸው። በ1977 ደግሞ ጁሊ ዳሽ የደራሲዋን የአሊስ ዎከርን አጭር ልቦለድ ወስደው በሠሩት ፊልም ባርባራ ኡጋንዳ ያለች ጥቁር መነኩሲት ሆነዋል። እምነቷና የሕዝቧ ከበሮ መሃል የቆመች ሴት። አጭር ነው፣ ካገኛችሁት እዩት።

እኔ ግን ቶሎ ወደ 1991 መሄድ እፈልጋለሁ። የጁሊ ዳሽ ዶተርስ ኦፍ ዘ ደስት። በአሜሪካ በጥቁር ሴት ተሠርቶ በመላው አገሪቱ በሲኒማ ቤት የታየ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው። በጀቱ ወደ 800 ሺህ ዶላር። ለእኛ ብዙ ነው፤ ለአሜሪካ ግን፣ ያውም ለታሪካዊ ፊልም፣ የኪስ ገንዘብ ነው። ጁሊ ዳሽ ተዋንያኑን የመረጡት በጥቁሮች ኢንዲፔንደንት ፊልም ውስጥ ሲለፉ ከኖሩት ነው። ቡሽ ማማ ላይ የነበሩት ኮራ ሊ ዴይ እዚህ የቤተሰቡ ትልቅ እናት፣ ናና ፒዛንት ሆኑ። ባርባራ የሎው ሜሪ ሆኑ። እንደ ሠርግ ቤት ነው፤ የጥንት ሰዎች ተጠርተው መጡ።

ጊዜው 1902 ነው። ቦታው ከዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ጠረፍ ያሉ ደሴቶች። የሚኖሩት ጉላ የሚባሉት ናቸው፤ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ዘሮች፣ ባሕር ስለለያቸው ቋንቋቸውንና ወጋቸውን ይበልጥ የጠበቁ ሰዎች። ቤተሰቡ ወደ ሰሜን ሊሰደድ ነው። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ቀን አብረው ይበላሉ። በዚያ ቀን የሎው ሜሪ በጀልባ ትመጣለች። ጥሩ ለብሳለች። አንዲት ወጣት ሴት ጓደኛዋ አብራት አለች። የቤቱ ሴቶች ያጉረመርማሉ። የሎው ሜሪ ከተማ ሄዳ ገላዋን ስትሸጥ የኖረች ናት። የተበላሸች ናት ይሏታል። ይሄን ቃል እኛም እናውቀዋለን።

ባርባራ እዚህ ፊልም ላይ የሚያስቁት ሳቅ አለ፣ የሚስቁትም። የሎው ሜሪ ትስቃለች። ሰው ሲያማት ትስቃለች። ዶሮቲ የምትውጠውን የሎው ሜሪ በሳቅ ትከድነዋለች። ሆድ ይፍጀው እዚህም አለ፣ ክዳኑ ብቻ ተለወጠ። አሥራ ምናምን ዓመት ቆይቶ ያው ተዋናይት ያንኑ ነገር በሌላ ዕቃ አቅርባ ስታዩ ሙያ ማለት ምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ከዛፍ ሥር ያለው ወግ አለ። የሎው ሜሪ ከዩላ ጋር ነው። ዩላ ነፍሰ ጡር ናት፤ አንድ ነጭ ደፍሯታል። ባሏ ማን እንደሆነ ሊያውቅ ይፈልጋል። የሎው ሜሪ አትንገሪው ትላታለች። ብትነግሪው ባልሽ የቱ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ይሆን እያልሽ ቤት ተቀምጠሽ ታስቢያለሽ ነው ነገሩ። ይህን የሚያህል ነገር ባርባራ የሚናገሩት ሰው ስለ አየር ሁኔታ በሚያወራበት ድምፅ ነው። ለእነዚያ ሴቶች የዕለት ኑሮ ነዋ። ከዚያ ስለ ራሷ ትናገራለች። ልጇ ሞቶ ተወለደ። ጡቷ ወተት ሞልቶ ነበር። ገንዘብ ስለቸገራቸው ለሀብታም ነጮች ልጅ አጥቢ ሆና ተቀጠረች። ይዘዋት ኩባ ሄዱ። ወደ ቤቴ ልመለስ ስትል አልለቋትም። ይህን ስትናገር አታለቅስም። እኔ በዚህ ትዕይንት ላይ ነው ሁልጊዜ የማለቅሰው። እሷ ብታለቅስ እኔ አላለቅስም ነበር መሰለኝ።

ወደ መጨረሻው ዩላ ትነሳለች። በቤተሰቡ ሁሉ ፊት ትናገራለች። በየሎው ሜሪ የምታፍሩ ከሆነ እኔንስ ምን ትሉኛላችሁ? እኔስ ተበላሽቻለሁ? ረጅም ንግግር ነው። ተዋናይቷ አልቫ ሮጀርስ ነፍሳቸውን አውጥተው ሠርተውታል። ተማሪዎቼን ይህን ትዕይንት ሁለት ጊዜ አሳያቸዋለሁ። መጀመሪያ ተናጋሪዋን እዩ እላለሁ። ሁለተኛ ጊዜ አድማጯን። ያ ሁሉ ሳቅ የት ሄደ? የሎው ሜሪ በሕይወቷ ማንም ስለ እሷ ተነስቶ ተናግሮላት አያውቅም። አሁን አንዲት ልጅ ተናገረችላት። መከዳኛ የላትም። ቀኑን ሙሉ ትንቀሳቀስ የነበረች ሴት ዝም ብላ ትሰማለች።

የሎው ሜሪ ወደ ከተማ አትመለስም። እዚያው ከናና ጋር ትቀራለች። ኩሩ ሴት ነኝ እንጂ ደረቅ ሴት አይደለሁም ብላ።

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁትን አውቃለሁ። ከዚያስ? ይህን የሚያህል ተዋናይት ከዚያ ምን ሠሩ? በቴሌቪዥን አንዳንድ ሥራዎች አሉ፤ በ1979 ከመሐመድ አሊ ጋር ፍሪደም ሮድ ላይ ተውነዋል። ግን ችሎታቸውን የሚያህል ቦታ አላገኙም። ደጁ ጠባብ ነበር። ጥቁር ሴት፣ ያውም እንደ ሆሊውድ መልክ ያልተቀረጸች፣ ያውም በኢንዲፔንደንት ፊልም የታወቀች። ዶተርስ ኦፍ ዘ ደስት የወጣ ሰሞን ተዋንያኑ ስልካቸው መጮህ ነበረበት። ያን ያህል አልጮኸም። ይህን ስናገር ዛሬም ያናድደኛል።

የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለዘላለም ይጠበቁ ብሎ ከሚመዘግባቸው ፊልሞች ውስጥ ዶተርስ ኦፍ ዘ ደስትን በ2004 አስገባ። ቡሽ ማማን በ2022። ባርባራ ያኔ በሕይወት ነበሩ፣ 81 ዓመታቸው። በሚያዝያ 2024 ኦሃዮ፣ ዴይተን ከተማ አረፉ። ነፍስ ይማር።

ጥያቄ? አዎ፣ አንቺ እህቴ፣ ነጠላ የለበስሽው። ጮክ በይ።

ጥያቄዋ፦ “መስማትን እንዴት ነው የምንለማመደው? ስልችት ያለ ፊት እንዳይሆን?” ጥሩ ጥያቄ ነው። ስልችት ያለ ፊት የሚመጣው ተዋናዩ ተራውን ሲጠብቅ ነው። ስለዚህ እኔ ተራ አልሰጥም። ሁለት ወንበር አደርጋለሁ። አንዷ አከራይ ናት፤ ቤቱን ልቀቂ እያለች ትናገራለች። ሌላዋ ተከራይ ናት፤ አንድም ቃል አልተፈቀደላትም። ግን መልሷን በልቧ ማዘጋጀት አለባት። ቃል በቃል። አፏ ድረስ ታመጣውና ትውጠዋለች። ከጨረስን በኋላ ምን ሰማሽ ብዬ አልጠይቃትም። ምን ልትያት ነበር ነው የምላት።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዬ ይህን ስትሠራ መጀመሪያ አለቀሰች። አስቆምኳት። ሁለተኛ ጊዜ ግንባሯን ቋጠረች። አስቆምኳት። ሦስተኛ ጊዜ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የሻይ ብርጭቆ ነበር፤ አከራይዋ እየተናገረች፣ እጇን እያወናጨፈች፣ ልትመታው ነው። ተማሪዬ አከራይዋን እያየች፣ እየሰማች፣ እጇን ዘርግታ ብርጭቆውን ቀስ አድርጋ ወደ መሃል ገፋችው። ቤቱን ልቀቂ እየተባለች ለሴትየዋ ብርጭቆ ትጠነቀቃለች። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ ትንፋሽ አጣን። ምን ልትያት ነበር ስላት ግን አልነገረችኝም። ሆድ ይፍጀው አለች።

በሉ ወንበሮቹን ትንሽ ጠጋ ጠጋ አድርጉ፤ መጋረጃውንም የቅርቡ ሰው ይዝጋልን። ፊልሙ 97 ደቂቃ ነው።